ያልመጡት ሦስት መኪኖች

«መኪና!» ብላ ጮኸች ኬጡራ።

ኳሷ ከጣውላዋ ጥግ ተነስታ ወደ ግራዋ እየተምዘገዘገች ነበር፤ ዝቅ ብላ፣ አስፋልቱን ልትልስ ምንም ሳይቀራት። ኬጡራ እጇን ብትዘረጋ እንደማትደርስባት ታውቃለች። ከዚያ በፊት ሰባት ጊዜ ዘርግታ ሰባቱንም ጊዜ አልደረሰችም። ስለዚህ እጇን ትታ አፏን ከፈተች።

ጋሽ ዊንፊልድ ከተቀመጡበት የተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ብድግ አሉ። ዕድሜያቸው ስድሳ ስምንት ነው፤ የቀኝ ጉልበታቸው ግን በራሱ አቆጣጠር ዘጠናን ሳያልፍ አይቀርም። እያነከሱ ወደ መሃል ሮጡ፣ መንገዱን አቋርጣ የተጋደመችውን ጣውላ አነሱና ታቅፈዋት ወደ ዳር ወጡ። ተመልካቹ እግሩን ሰበሰበ። ሁሉም ወደ መታጠፊያው እያየ ጠበቀ።

ምንም አልመጣም።

«ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ታጠፈ መሰለኝ» አለች ኬጡራ፣ መታጠፊያውን የጋረደውን የዳቦ ፍሬ ዛፍ እያየች።

«ነጥቡ ይደገማል» አሉ ጋሽ ዊንፊልድ፣ ጣውላዋን መልሰው እያጋደሙ።

በቤላሚ ሰፈር የማይጠየቅ ነገር የለም። ዳኛው ይጠየቃል፤ መስመሩ ይጠየቃል፤ የቴኒስ ኳሷ ፀጉር በደንብ መገፈፉ ይጠየቃል፤ የተጋጣሚ እናት ሳትቀር ትጠየቃለች። «መኪና» የሚለው ቃል ግን አይጠየቅም። የመንገድ ቴኒስ ሜዳው ራሱ መንገድ ነዋ! ነጭ መስመር የተቀባ አስፋልት፣ መሃሉ ላይ በመረብ ፈንታ አንድ ስንዝር ከፍታ ያላት ጣውላ። አንድ ሰው «መኪና» ካለ ጣውላዋ ትነሳለች፣ ነጥቡ ይሰረዛል፣ መኪናው ሲያልፍ ኳሷ እንደገና ትመታለች። «የእውነት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ጠያቂው መልሱን ጎማ ሥር ሆኖ ሊያገኘው ይችላልና።

ኬጡራ ይህን ደንብ የተማረችው በስድስት ዓመቷ ነው፤ ያስተማሯትም ራኬት አያያዝ ያስተማሯት ሰው፣ ጋሽ ዊንፊልድ ናቸው። አሁን አሥራ አራት ሆኗታል። ስምንት ዓመት ሙሉ ደንቡን አክብራ ኖራለች። ችግሩ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ አሥራ አንድ ለሦስት ተመርታ አታውቅም።

የምትመራት አኬላ ትባላለች። ከደሴቲቱ ሰሜን ጫፍ፣ ከሴንት ሉሲ በአውቶቡስ የመጣች የአሥራ አምስት ዓመት ቀጭን ልጅ ናት። አንዱ ካልሲዋ ቀይ፣ ሌላው ቡኒ ነው። የእንጨት ራኬቷን ቀለም እንኳ አልነካውም። የቤላሚ ልጆች ከአውቶቡስ ስትወርድ አይተው በሳቅ ፈርሰው ነበር፤ ሳቃቸውን ሳይጨርሱ አምስት ለዜሮ ሆነ።

የተደገመውን ነጥብ ኬጡራ ወሰደችው። አሥራ አንድ ለአራት። ሰፈሩ የዓለም ዋንጫ ያመጣ ይመስል ጮኸ።

በአሥራ አራት ለአራት ያቺው ኳስ ተመልሳ መጣች። ከጣውላዋ ጥግ፣ ወደ ግራ፣ ዝቅ ብላ።

«መኪና!»

ጋሽ ዊንፊልድ ተነሱ፣ አነከሱ፣ ጣውላዋን አነሱ። በዚህኛው ጊዜ ግን አንገታቸውን ወደ መታጠፊያው ዘንበል አድርገው ትንሽ ቆዩ። ግንባራቸው ተቋጠረ።

ጋሽ ዊንፊልድ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድተው ጡረታ ሲወጡ ይዘውት የወጡት ነገር ጆሯቸው ነው። መኪና ከመታጠፊያው ማዶ ሳለ ይሰሙታል፤ መስማት ብቻ ሳይሆን ማን እንደሆነም ይናገራሉ። «የባለሱቋ የኦሪየል ወንድም ነው፤ ፍሬኑን ጨርሶታል።» «ነርሷ ናት፤ ዛሬ ተናዳለች፣ ማርሹን ስትደበድበው አትሰሙም?» ሜዳው ላይ ቀድሞ «መኪና» የሚለው ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው። ማንም ቀድሟቸው አያውቅም። ዛሬ በአንድ ከሰዓት ሁለት ጊዜ ተቀደሙ።

ከተመልካቹ መሃል አንዱ ኪኪኪ አለ። ጋሽ ዊንፊልድ ዞረው ገላመጡት።

«ምን ያስገለፍጥሃል? ኬጡራ መኪና ካለች መኪና ነው።»

ኬጡራ ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። ራኬቷን አየች። ነጥቡ ተደገመ፣ ወሰደችው። አሥራ አራት ለአምስት።

ሦስተኛው «መኪና» የመጣው በአሥራ ስምንት ለአምስት ነው። ጣውላዋ ተነሳች። ኬጡራ «ታጠፈ መሰለኝ» ልትል አፏን ስታሞጠሙጥ አኬላ ቀደመቻት።

«እንጠብቀዋ!»

«ማንን?»

«መኪናውን። ደንቡ መኪናው ሲያልፍ ነው የሚለው። ገና አላለፈም።» ሄዳ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ እግሯን ዘርግታ ቀዩን ካልሲዋን ወደ ላይ ጎተት ጎተት አደረገችው። «ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ነው መሰለኝ። ጨዋ ሹፌር ነው።»

«ታጥፏል እያልኩሽ!»

«ሦስቱም? ቤተ ክርስቲያኑ ሰርግ አለው እንዴ ዛሬ?»

አንዳንዶቹ ሳቁ፤ የቤላሚ ልጆች መሆናቸው ትዝ ሲላቸው ሳቃቸውን ወደ ሳል ቀየሩት። ጋሽ ዊንፊልድ ጣውላዋን እንደ ሕፃን ታቅፈው ቆመዋል። ደንብ ደንብ ነው። አምስት ደቂቃ አለፈ። ቆሞ ያይ የነበረው ሰው አንድ በአንድ ተቀመጠ። የሱቁ ባለቤት እትዬ ኦሪየል ፀጥታው ግራ ገብቷቸው ብቅ አሉ።

«ምን ሆናችሁ?»

«መኪና እየጠበቅን ነው» አላቸው አንዱ።

«ፌርማታው እዚያ ማዶ ነው» አሉና ተመልሰው ገቡ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ የዳቦ ቤቱ መኪና በመታጠፊያው ብቅ ሲል ቤላሚ በሙሉ ተነስቶ አጨበጨበ። ሹፌሩ ነገሩ ባይገባውም አላሳፈራቸውም፤ እንደ ሚኒስትር እጁን በመስኮት አውጥቶ እያውለበለበ አለፈ።

ጣውላዋ ወረደች። ኬጡራ ኳሷን መታች። አኬላ መልሳ የመታቻት ግን ወደ ሜዳው አልነበረም። ቀስ ብላ፣ አስባበት፣ የእትዬ ኦሪየል ጣሪያ ላይ ሰቀለቻት።

«ይኸው አንድ ነጥብ» አለች። «ለመኪናሽ ነዳጅ መጨመሪያ።»

ከዚያ በኋላ የቀሩት ሦስት ነጥቦች ነበሩ። ሦስቱም በግራ በኩል ሄዱ። ሃያ አንድ ለስድስት።

አኬላ እጇን ዘረጋች። ኬጡራ የጣቶቿን ጫፍ ነካ አድርጋ ለቀቀቻት።

«እኛ ጋ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጫወታለን» አለች አኬላ፣ ቦርሳዋን እያነገተች። «ከፈለግሽ ነይ። እኛ ሰፈር መኪና አያልፍም።»

* * *

እትዬ ኦሪየል የጨዋታ ውጤት በሱቃቸው ግድግዳ ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ። የተጻፈው የመልስ ጨዋታ እስኪደረግ አይጠፋም፤ ክዳኑ ወጣ ያለ ስለሆነ ዝናብም አይደርስበትም። «አኬላ 21 — ኬጡራ 6»። ኬጡራ ዳቦ ስትላክ በወዲያኛው መንገድ ዞራ መሄድ ጀመረች። ራኬቷን አልጋዋ ሥር፣ ከአሮጌ ጫማ ካርቶን ጀርባ ወሸቀችው። ለእናቷ «ፈተና ደርሷል፣ ላጥና» አለቻት። እናቷ ልጇ በገዛ ፈቃዷ ስታጠና አይታ ስለማታውቅ ግንባሯን ዳበሰቻት፤ ትኩሳት የለም።

ሰፈሩ ግን አልተኛም። ሽንፈቱን የሰፈሩ ሰው ተከፋፍሎ ይጠግነው ጀመር። የጥገናው ኃላፊ ጃቮን ነበር፤ የኬጡራ የጎረቤት ልጅና የልጅነት ጓደኛ፣ ቀሽም ተጫዋች፣ አደገኛ ጠበቃ።

«አቦ ኳሷ እኮ ፀጉሯ አልለቀቀም ነበር» አለ እሁድ። «በዚያ ላይ ፀሐዩ ዓይንሽ ውስጥ ነው።»

ሰኞ ዕለት አኬላ አሥራ ሰባት ዓመት ሆናት። ማክሰኞ አሥራ ዘጠኝ ሞላት። ረቡዕ አጎቷ ለብሔራዊ ቡድን የሚያሠለጥን ሰው ሆኖ ተገኘ። ሐሙስ ጠዋት አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ጢሟን ስትላጭ ያየ ሰው አውቃለሁ ብሎ ማለ።

በመኪኖቹ ጉዳይ ላይ ደግሞ የቤላሚ አንድነት ለሌላ ሥራ ቢውል ስንት ነገር በሠራ ነበር። መጀመሪያ ጃቮን ሁለተኛውን መኪና ሰማሁ አለ። ከዚያ ወንድሙ ሦስተኛውን ሰማ። ማክሰኞ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ላይ የነበሩ ሰዎች ሳይቀሩ ሰምተው ነበር። «ያቺ ልጅ ሙድ ያዘችብን እንጂ መኪናውስ ነበረ» ተባለ። የመጀመሪያው ነጭ፣ ሁለተኛው ሰማያዊ ሆነ።

ኬጡራ ዝም ብላ ሰማች። አንድ ጊዜ፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ፣ «ሰማያዊ ሳይሆን ግራጫ ነው» ብላ አርማለች። ይህን በኋላ ስታስታውሰው ፊቷ ይቃጠላል።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሜዳው ላይ ትንንሾቹ ልጆች ይጫወታሉ። የለስላሳው ሳጥን ላይ የተቀመጠ የለም።

«ጋሽ ዊንፊልድስ?» አለች።

«ትተውታል» አላት አንዱ፣ ኳሷን እያነጠረ። «ከቅዳሜ ወዲህ መጥተው አያውቁም።»

ጋሽ ዊንፊልድ በረንዳቸው ላይ ነበሩ። ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የሚጸልዩ መስሏት ልታልፍ ስትል ጣታቸውን ወደ ላይ አነሱ።

«ጋሼ፣ ደህና ዋ—»

«ቆይ!»

ቆመች። ትንሽ ቆይቶ የነርሷ መኪና በመታጠፊያው ብቅ ብላ አለፈች። ጋሽ ዊንፊልድ ዓይናቸውን ገልጠው አዩአት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከመሬት አንድ ጠጠር አንስተው አጠገባቸው ካሉት ሁለት ቆርቆሮዎች በአንዱ ውስጥ ጣሏት። ቂው።

«ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?»

«ጆሮዬን እየፈተንኩ ነዋ። በዚህኛው የሰማኋቸው ናቸው።» ሞላ ያለውን ቆርቆሮ አንቀጫቀጩት። «በዚህኛው ደግሞ ያመለጡኝ።»

ኬጡራ ጎንበስ ብላ ሁለተኛውን አየች። አራት ጠጠር ነበረበት።

«በአምስት ቀን አራት ብቻ? ታዲያ ይቺ ምን አላት! ጎበዝ ነዎት እኮ።»

«በአምስት ቀን ያመለጠኝ አንድ ነው። እሱም ብስክሌት ነበር፤ ተንኮለኛ ነገር ነው ብስክሌት።» ጋሽ ዊንፊልድ ሦስቱን ጠጠሮች አወጡና መዳፋቸው ላይ አስቀመጧቸው። «እነዚህ ሦስቱ የቅዳሜዎቹ ናቸው።»

ኬጡራ ዓይኗን ከጠጠሮቹ ወደ መንገዱ አሸሸች።

«ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል» አሉ፣ ጠጠሮቹን በአውራ ጣታቸው እያንከባለሉ። «ጃቮን ሰምቷል፣ ወንድሙ ሰምቷል፣ አንቺማ መጀመሪያ ሰምተሻል። ጠየቅኳቸው እኮ፣ አንድ በአንድ። እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁት። ሰው እዚህ ተቀምጦ ብቻውን ሲያዳምጥ ይሰማል፤ ጨዋታ ላይ ሲሆን ግን… ያቺ ትንሿ የጃቮን እህት ኳስ ልታነሳ መንገድ ላይ ጎንበስ ብትል፣ እኔም ሳጥኑ ላይ ተጎልቼ ባልሰማስ? አይሆንም። ሳጥኑን ትቼዋለሁ። ነገ ክሊኒክ ሄጄ ደግሞ እታያለሁ።»

አሁን፣ አለች ኬጡራ በልቧ። አሁን በይ።

«ይ… ይሻልዎት ጋሼ» አለችና ሄደች።

* * *

አርብ ጠዋት ትምህርት ቤት ስትሄድ ፌርማታው ላይ አየቻቸው። ድሮ አውቶቡስ ሲነዱ ይለብሱት የነበረውን ሰማያዊ ሸሚዝ ተኩሰው ለብሰዋል። ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸውን ይዟል። ጉልበታቸው ሱሪው ሥር ያበጠ ይመስላል። በሰማያዊ ሸሚዛቸው አውቶቡስ ሲጠብቁ፣ ሹፌር ሆነው የኖሩበት አውቶቡስ ጥሏቸው የሄደ ይመስል ነበር።

«ልነግራቸው ነው» አለች ለጃቮን፣ በዕረፍት ሰዓት።

«ምኑን?»

«መኪናውን ነዋ።»

ጃቮን የያዘውን ዳቦ በቺዝ ከአፉ መለሰው። «ላሽ በይ እንጂ ኬጡራ! አምስት ቀን ሙሉ ስንት ሰው ነው ላንቺ የዋሸው? ሰፈሩን ሁሉ ሼም ልታስገቢ ነው? ደሞ እሳቸው እኮ ሽማግሌ ናቸው፤ አንድ ቀን ጆሯቸው መሄዱ አይቀርም።»

«አልሄደም እኮ! አንተ ነህ ሰማሁ ያልካቸው።»

«ላንቺ ብዬ ነዋ!»

«አውቃለሁ» አለች። አውቃ ነበር፤ ይሄ ነው ነገሩን የከፋ የሚያደርገው። ጃቮን ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጋሽ ዊንፊልድ ሸሚዛቸውን ሳይቀይሩ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቀኑን ሙሉ ክሊኒክ ወረፋ ላይ ውለዋል። ቆርቆሮዎቹ የሉም።

«ምን አሉዎት ጋሼ?»

«ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደቅነው ጢጥ ጢጥ የሚል ነገር አሰሙኝ። ልጅቷ ‹ጋሼ፣ የእርስዎ ጆሮ ከእኔ ይሻላል› አለችኝ።»

ኬጡራ ከትናንት ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሳላት። «በቃ! አዩ? ደህና ነዎት ማለት ነው!»

«እኔም መጀመሪያ ደስ አለኝ» አሉ ጋሽ ዊንፊልድ። መንገዱን ነበር የሚያዩት። «ከዚያ አውቶቡስ ውስጥ ሳስበው፣ ጆሮዬ ደህና ከሆነ ታዲያ ሦስቱን መኪና ምን ወሰዳቸው? አልኩ። ጆሮዬ ሰምቷል ማለት ነው። ጭንቅላቴ ነው የጣላቸው። እናቴም እንደዚሁ ነው የጀመራት። መጀመሪያ ትንንሽ ነገር ነው የሚጠፋው።»

ኬጡራ ደረጃው ላይ ቆማ አየቻቸው። እኚህ ሰው ጆሯቸውን ጠረጠሩ። ጆሯቸው ነፃ ሲወጣ ጭንቅላታቸውን ጠረጠሩ። ገና ሊጠረጥሩት የሚችሉት ስንት ነገር አለ፤ እሷ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። አስበዋትም አያውቁም።

«ጋሼ፣ መኪና አልነበረም።»

«የትኛው?»

«ሦስቱም።»

ጋሽ ዊንፊልድ ቀስ ብለው ዞሩ። «ሰፈሩ ሁሉ—»

«ለእኔ ብለው ነው። ማንም አልሰማም። እኔም አልሰማሁም። ዝም ብዬ ነው የጮህኩት።»

የእትዬ ኦሪየል ወንድም መኪና ፍሬኑን እያፏጨ በመታጠፊያው መጥቶ አለፈ። ጋሽ ዊንፊልድ ጣታቸውን አላነሱም፤ እንዳልሰሙት ሁሉ። ኬጡራ ቢሰድቧት፣ ቢጮሁባት ተመኘች።

«ሦስት ጊዜ ሮጫለሁ» አሉ በመጨረሻ፣ ጉልበታቸው ላይ እጃቸውን አሳርፈው።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«አታውቂም።»

ትንንሾቹ ልጆች ከታች፣ ሜዳው ላይ፣ ስለ መስመር ይጨቃጨቃሉ። ጋሽ ዊንፊልድ ለረጅም ጊዜ እነሱን አዩ። ከዚያ፣ ድምፃቸው እንደ ድሮው ሳይሆን፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ዓይነት ሆኖ፣

«የትኞቹ ኳሶች ላይ ነው የጮህሽው?» አሏት።

«ማለት?»

«መቼ መቼ ነው መኪና ያልሽው?»

አሰበች። እስከዚያች ደቂቃ አስባበት አታውቅም። «ወደ ግራዬ ስትመጣ። ከጣውላዋ ጥግ የምትነሳዋ።»

«ሦስቱም ጊዜ?»

«ሦስቱም ጊዜ።»

ጋሽ ዊንፊልድ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ግንባራቸው ግን እንደተቋጠረ ነው። «እዚህ ሰፈር ግራሽን የሚመታብሽ የለም። ልጆቹ ይፈሩሻል፣ ወይም ይወዱሻል። እኔ ግራሽ ደካማ መሆኑን ካየሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ… ስታሸንፊ ማየት ደስ ይለኝ ነበርና ተውኩት።» ተነፈሱ። «ያቺ ልጅ በአምስት ኳስ አወቀችው።»

ኬጡራ የደረጃውን ጠርዝ በጫማዋ ጫፍ ፋቀችው። «ነገ ወደ ሴንት ሉሲ የሚሄደው አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል። ነገ ብትሄጂ ግን ያው ነው የሚያደርጉሽ።»

«እሱንስ አውቃለሁ። በትክክል ልሸነፍ ብዬ ነው።»

ጋሽ ዊንፊልድ አልሳቁም። እንደ ድሮው ቢሆን ይስቁ ነበር።

«ወደ ሳጥኑ ይመለሳሉ?» አለች።

«እንጃ ልጄ» አሉ። «ከቅዳሜ ወዲህ መኪና በሰማሁ ቁጥር ዞሬ ካላየሁ አላምነውም። እስኪተወኝ እንጃ።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አሁን ሂጂ።»

ሄደች።

* * *

እትዬ ኦሪየል ጠመኔያቸውን የሚያስቀምጡት ከሚዛኑ ጀርባ ነው። ኬጡራ ሳታስፈቅድ አነሳችው፣ ወደ ግድግዳው ወጣች፣ ስድስቷን በክንዷ ጠርጋ በቦታዋ ሦስት ጻፈች።

«ምንድነው የምታደርጊው አንቺ ልጅ?» እትዬ ኦሪየል በመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ። «ሃያ ዓመት ስጽፍ ‹ጨምሩልኝ› የሚለኝ እንጂ በገዛ እጁ የሚቀንስ አይቼ አላውቅም!»

«ሦስቱ የእኔ አይደሉም እትዬ።»

ጃቮን መጥቶ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ግድግዳውን አየ፣ እሷን አየ፣ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ሃያ አንድ ለሦስት! ብለሽ ብለሽ! በናትሽ በኳስ ነው ወይስ በድንጋይ ነው የተጫወታችሁት ይሉናል።»

«ራኬትህን አምጣ።»

«ለምን?»

«ወደ ግራዬ ብቻ ነው የምትመታው። ሌላ ቦታ ከመታህ አልጫወትም።»

የእሷ ራኬት ከአልጋ ሥር አቧራ ይዞ ወጣ። ትንንሾቹ ልጆች ሜዳውን ለቀቁላቸው፤ ለቀው ግን አልሄዱም፣ ዳር ዳሩን ተደረደሩ። ሳጥኑ ባዶውን ቆሟል። ማንም አልተቀመጠበትም።

ጃቮን በሕይወቱ ኬጡራን አሸንፎ አያውቅም። የተባለውን ብቻ አደረገ፤ ከጣውላዋ ጥግ ወደ ግራ፣ ከጣውላዋ ጥግ ወደ ግራ። የመጀመሪያዋ አመለጠቻት። ሁለተኛዋ ጫፉን ነክታ ወጣች። ሦስተኛዋን ደርሳባት ጣውላዋ ላይ አላተመቻት። አራት ለዜሮ፣ ስድስት ለአንድ። ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ከሥራ የሚመለሱ ሰዎች ቆም እያሉ ያያሉ። ጃቮን ነጥብ ባገኘ ቁጥር ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ትከሻውን ይሰብቃል። ስምንት ለሁለት።

«እንዴ! በጃቮን እየተበላች ነው?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

ጃቮን ጆሮው ቀላ። የሚቀጥለውን መታ፤ ዝቅ ብላ፣ አስፋልቱን ልሳ፣ ወደ ግራ። ኬጡራ ተዘረጋች፤ ክንዷ ሙሉ በሙሉ ወጣ፣ ጉልበቷ መሬት ነካ። ኳሷ ከራኬቷ ጫፍ በጣት ርቀት አለፈች።

«መኪና!» ጮኸ ጃቮን።

ልጆቹ እግራቸውን ሰበሰቡ። አንዱ ጣውላዋን ለማንሳት ብድግ አለ።

ኬጡራ ከተንበረከከችበት ሳትነሳ ወደ መታጠፊያው አየች። የዳቦ ፍሬው ዛፍ ቆሟል። መንገዱን ወደ ታች አየች። ከዚያ ወደ በረንዳው። ጋሽ ዊንፊልድ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ዓይናቸው ተጨፍኗል፤ ጣታቸው ከጉልበታቸው ልትነሳ ጀምራ አየር ላይ ቆማለች። እርግጠኛ አይደሉም።

ተነሳች። ጉልበቷን አራገፈች።

«መኪና የለም!» አለች፣ እስከ በረንዳው እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ኳሷን አንስታ ለጃቮን ወረወረችለት። «ዘጠኝ ለሁለት። ምታ።»